ነገርን ከሥሩ፦ «ለምን ሆነ?» ስንል የምናገኘው መንስኤውን ነው ወይስ ሰበቡን?

ሥረ ነገር (ክሩን የከፈተች)

ጤና ይስጥልኝ፣ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች።

ይህን ጥያቄ እንዳቀርብ የገፋፋችኝ ልጄ ናት። ከብዙ ዓመታት በፊት ስለ ለቀቅሁት ሥራ እያወራን ሳለ «ለምን ለቀቅሽው?» ብላ ጠየቀችኝ። ልመልስላት ጀምሬ ዝም አልሁ፤ ለዚሁ ጥያቄ እስከ ዛሬ ሦስት የተለያዩ መልሶች መስጠቴ ትዝ አለኝና። በለቀቅሁበት ሳምንት ለባልደረቦቼ የነገርኋቸው በአንድ ሪፖርት የተነሣ ከአለቃዬ ጋር መጋጨቴን ነበር። ለእናቴ ያስረዳኋት ግን ልጄን የማሳድግበት ጊዜ ማጣቴን ነው። አዲሱ ቀጣሪዬ በቃለ መጠይቅ ሲጠይቀኝ ደግሞ በሙያዬ ማደግ ፈልጌ እንደ ሆነ ተናገርሁ። ከሦስቱ አንዱም ውሸት አልነበረም፤ ሆኖም ከዚያ ቢሮ ያስወጣኝ የትኛው እንደ ሆነ ዛሬ አፌን ሞልቼ መናገር አልቻልሁም።

ቋንቋችን ለዚህ ጉዳይ ሦስት ቃላት አሉት፤ መንስኤ፣ ምክንያትና ሰበብ። በዕለት ተዕለት ንግግር አንዱን በሌላው ቦታ ብንጠቀምም እኔ እንደ አንድ ልቆጥራቸው አልችልም። መንስኤ ነገሩን ከሥር ያስነሣው ነው፤ ማንም ሳያውቀው ሥራውን ሊሠራ ይችላል። ምክንያት ሰው «ለምን?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚያቀርበው መልስ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ተናጋሪና ሰሚ አለው። ሰበብ ግን ሁለት ፊት አለው፤ አንድም ነገሩ የፈነዳበት አጋጣሚ፣ አንድም የማምለጫ ቃል ነው። «ለሞቱ ሰበብ ሆነው» ስንል ፊተኛውን፣ «ሰበብ አታብዛ» ስንል ኋለኛውን ማለታችን ነው።

የጦርነትን አነሣሥ፣ የአንድን ድርጅት መክበርና መክሰር ወይም የራሳችንን ውሳኔ ስናስረዳ ከሦስቱ የያዝነው የትኛውን እንደ ሆነ በምን እናውቃለን? በታሪክ፣ በንግድም ሆነ በሌላ ሙያ ያላችሁ ከምታውቁት ነገር ተነሥታችሁ ብታስረዱኝ እወዳለሁ።


የማኅደር ሰው

ውድ ጠያቂ፣ ያነሡት ጥያቄ የታሪክ ጸሐፊዎችን ከ2400 ዓመታት በላይ ሲያከራክር የኖረ ነው። ግሪካዊው ቱኪዲደስ በአቴናና በስፓርታ መካከል ስለ ተደረገው ጦርነት ሲተርክ ሁለቱ ወገኖች በአደባባይ የተካሰሱበትን ነገር ለብቻው፣ እርሱ እውነተኛ መንስኤ ያለውን ደግሞ ለብቻው አስቀምጦታል፤ ይኸውም የአቴና ኃይል ማደግና ዕድገቱ በስፓርታ ላይ ያሳደረው ፍርሃት ነበር። እርስዎ ሰበብና መንስኤ ያሉትን ለይቶ ማየቱ ነው።

ለዚህ ልዩነት ሁሉም የሚያውቀው ምሳሌ አንደኛው የዓለም ጦርነት የተነሣበት፣ በቦስኒያዋ ከተማ በሳራዬቮ የተፈጸመው ግድያ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 28 ቀን 1914 ጠዋት ቻብሪኖቪች የተባለ ወጣት በኦስትሪያ-ሃንጋሪው አልጋ ወራሽ በፍራንዝ ፈርዲናንድ ላይ የወረወረው ቦምብ ዒላማውን ስቶ ከኋላ ይከተሉ የነበሩ ሰዎችን አቆሰለ። አልጋ ወራሹ በማዘጋጃ ቤቱ አቀባበል ከተደረገለት በኋላ ቁስለኞቹን በሆስፒታል ለመጠየቅ ወሰነ፤ ለደኅንነቱም ሲባል ሰልፉ የወንዙን ዳር ይዞ በቀጥታ እንዲሄድ ታሰበ። ይህን ለውጥ ለሾፌሩ የነገረው ሰው አልነበረም። ሾፌሩ በቀድሞው ዕቅድ መሠረት በላቲን ድልድይ ትይዩ ወደ ቀኝ ታጠፈ፤ መሳሳቱ ሲነገረው መኪናዋን አቆመ፤ የቆመችውም የቻብሪኖቪች ግብረ አበር ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ ሽጉጡን ይዞ ከነበረበት ቦታ ጥቂት እርምጃ ርቃ ነበር፤ እርሱም ተኩሶ አልጋ ወራሹን ገደለው።

ይህ ታሪክ ሲነገር አድማጭ ሁሉ «ሾፌሩ ባይታጠፍ ኖሮ!» ይላል። እኔ ግን ይህ አባባል ያሳስበኛል። ከግድያው እስከ ጦርነቱ ከአንድ ወር በላይ አለ። ጀርመን በጁላይ መጀመሪያ ለኦስትሪያ-ሃንጋሪ ያለ ገደብ ድጋፏን ሰጠች፤ ኦስትሪያ-ሃንጋሪ በግድያው እጇ አለበት ላለቻት ለሰርቢያ በጁላይ 23 የመጨረሻ ማስጠንቀቂያዋን ላከች፤ በ28 ጦርነት አወጀች፤ ሩሲያ በ30 አጠቃላይ ክተት አዘዘች፤ ጀርመን በኦገስት 1 በሩሲያ ላይ ጦርነት አወጀች። የእያንዳንዱ አገር የክተት ዕቅድ በባቡር ሰዓት ሠንጠረዥ የተሰላ ስለ ነበር ቀድሞ ያልተንቀሳቀሰ እንደሚሸነፍ ሁሉም ያምን ነበር። መንስኤው በቃል ኪዳን የተሳሰሩት ኃያላን እርስ በርስ የነበራቸው ፍርሃትና ይህ የተጣደፈ የጦር ዝግጅት ነው። የሾፌሩ መታጠፍ ሰበብ ነበር፤ ሰበብ ደግሞ አንዱ ቢቀር ሌላው ይተካል።


ድልድይ

የማኅደር ሰው፣ ጽሑፍዎን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገርዎን ግን መቀበል አልቻልሁም።

ሰበብ ሁሉ ተተኪ ካለው፣ ያ የቃል ኪዳን ትስስርና ያ ፍርሃት በነበሩባቸው በፊተኞቹ ዓመታት ጦርነቱ ለምን አልተነሣም? እ.ኤ.አ. በ1908 ኦስትሪያ-ሃንጋሪ ቦስኒያን ስትጠቀልል ኃያላኑ ተፋጥጠው ነበር። በ1911 በሞሮኮ ጉዳይ ጀርመንና ፈረንሳይ ከጫፍ ደርሰው ተመለሱ። በ1912 እና በ1913 በባልካን ሁለት ጦርነቶች ተደርገው ታላላቆቹ መንግሥታት ከውጊያው ውጭ ቆዩ። ሰበብ ሞልቶ በነበረበት በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዱም አልሠራም። ስለዚህ ጁን 1914ን የተለየ ያደረገ አንድ ነገር መኖር አለበት።

እኔ የማስበው ሟቹን ራሱን ነው። የኦስትሪያ-ሃንጋሪ ኤታ ማዦር ሹም ኮንራድ ፎን ሆትዘንዶርፍ በ1913 ብቻ በሰርቢያ ላይ ጦርነት ይከፈት እያለ ከ20 ጊዜ በላይ ወትውቷል። ይህን ውትወታ ሲቃወሙ ከነበሩት ዋነኛው ፍራንዝ ፈርዲናንድ ነበር፤ ከሰርቢያ ጋር የሚደረግ ጦርነት ከሩሲያ ጋር እንደሚያዋጋና ሥርወ መንግሥቱንም እንደሚያጠፋ ይፈራ ነበር። እንግዲህ የፕሪንሲፕ ጥይት ለጦርነት ፈላጊዎቹ ሰበብ ከመስጠቷም በላይ የሚይዛቸውን ሰው ከመንገድ አነሣችላቸው። በዚያ ቀን ሌላ ሹም ቢገደል ኖሮ ውጤቱ ያው ይሆን ነበር ብዬ ለመናገር አልደፍርም።

ሌላም ልጨምር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1989 ምሽት በምሥራቅ በርሊን ጉንተር ሻቦቭስኪ የተባለ የፓርቲ ባለ ሥልጣን ስለ አዲሱ የጉዞ ደንብ ለጋዜጠኞች መግለጫ ሰጠ። ደንቡ ሥራ ላይ የሚውለው በማግስቱ ነበር፤ እርሱ ግን ይህን አላወቀም። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ሲባል ወረቀቶቹን አገላብጦ እርሱ እስከሚያውቀው ድረስ ከአሁኑ ጀምሮ መሆኑን ተናገረ። ሕዝቡ ዜናውን ሰምቶ ወደ ድንበሩ ጎረፈ። በቦርንሆልመር ጎዳና ኬላ ተረኛ የነበረው መኮንን ሃራልድ የገር ወደ አለቆቹ ደጋግሞ ቢደውልም ቁርጥ ያለ ትእዛዝ የሚሰጠው አጣ፤ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ በሩ እንዲከፈት አዘዘ። የሃንጋሪ ድንበር ቀድሞ ባይከፈት፣ በላይፕሲግ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሰልፍ ባይወጡ፣ ሞስኮም ጦሯን እንደማታንቀሳቅስ ባይታወቅ ኖሮ የሻቦቭስኪ ስሕተት በማግስቱ በታረመ ነበር። ይህን አምናለሁ። ነገር ግን የበርሊን ግንብ በዚያ ሌሊት ያለ ደም እንዲከፈት ያደረገው የአንድ ሰው ስሕተትና የሌላ ሰው ውሳኔ ነው። ይህን «ሰበብ» ብሎ ብቻ ማለፍ ለየገር የሚገባውን መንፈግ ይመስለኛል።


ፎቶ ቤት

የታሪክ ሰው አይደለሁም። ለ19 ዓመታት ፊልም ሳጥብ፣ ፎቶ ሳትምና ጉርድ ፎቶ ሳነሣ የኖርኩ ነጋዴ ነበርኩ፤ ፎቶ ቤቴ ከተዘጋ ቆይቷል። ስለ ንግድ መክሰር ያነሣችሁት ነገር ስለሚነካኝ ለመጻፍ ተነሣሁ።

ስለ አሜሪካው የፊልም አምራች ስለ ኮዳክ የሚነገረውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ሰዎች በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨርሱታል፤ ዲጂታል ካሜራን ራሱ ፈልስፎ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈው፣ ከዚያም ከሰረ ይላሉ። እውነት ነው፣ ስቲቭ ሳሶን የተባለ የድርጅቱ ወጣት መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1975 የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሠርቷል። ክብደቱ ወደ አራት ኪሎ የሚጠጋ ሲሆን አንድ ጥቁርና ነጭ ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ድርጅቱ በጃንዋሪ 2012 የኪሳራ ከለላ መጠየቁም እውነት ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመተ ምሕረቶች መካከል ያሉትን 37 ዓመታት ግን ማንም አያነሣቸውም። ኮዳክ በ2005 በአሜሪካ በዲጂታል ካሜራ ሽያጭ አንደኛ ነበር። የተኛ ሰው አንደኛ አይወጣም።

እኔ በሙያው ውስጥ ስለ ነበርኩ የማውቀው ይህን ነው። የፊልም ንግድ ትርፉ ካሜራው ላይ አልነበረም። ደንበኛ አንድ ጊዜ ካሜራ ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ጥቅል ፊልም ይገዛል፣ ያሳጥባል፣ ያሳትማል። በየደረጃው ፊልሙ፣ ኬሚካሉና ወረቀቱ የአምራቹ ነበሩ። ዲጂታል ካሜራ ሲመጣ ያ ሁሉ ተከታታይ ገቢ ቀረ፤ አምራቹ አንድ ዕቃ በጠባብ ትርፍ ሸጦ ደንበኛውን ይሰናበታል። ስለዚህ ኮዳክ በዲጂታል ቢያሸንፍም ያሸነፈው በፊልም ያገኝ የነበረውን ትርፍ የማይተካ ገበያ ነበር። ያም ገበያ ቢሆን ካሜራ ያለው ስልክ ሲመጣ ተወሰደበት።

ስለ ራሴ ደግሞ እውነቱን ልናገር። ፎቶ ቤቴን ስዘጋ ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ስልክ ገደለን» እል ነበር። ለብዙ ጊዜም አምኜበት ኖርኩ። ነገር ግን ከመዝጋቴ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ የሚታጠበው ጥቅል ፊልም ቁጥር ወር በወር ሲቀንስ በደብተሬ እየጻፍኩ ሳለሁ፣ ትልቅ ማተሚያ ማሽን በብድር ገዝቻለሁ። ደብተሩ አሁንም አለኝ። በአንዱ ገጽ የወረደው ቁጥር፣ በቀጣዩ ገጽ የብድሩ ውል ቀን ተጽፏል፤ ሁለቱም በእጄ ጽሕፈት። ስልክ ባይመጣ አልዘጋም ነበር፣ ልክ ነው። ብድሩ ባይኖር ግን በጉርድ ፎቶና በፍሬም ሥራ ጥቂት ሠራተኛ ይዤ መቆየት እችል ነበር። ሁለት ሰዎች በእኔ ውሳኔ ምክንያት ሥራ አጥተዋል፤ ለእነርሱም የነገርኳቸው ስለ ስልክ ነበር።


አንባቢ

ፎቶ ቤት፣ ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ትርፉ ከፊልም ጋር አብሮ ከጠፋ የጃፓኑ የፊልም አምራች ፉጂፊልምስ እንዴት ተረፈ? የደረሰበት ማዕበል ያው አይደለምን?


ፎቶ ቤት

ማዕበሉ ያው ነው፤ ጥያቄዎም ትክክለኛው ጥያቄ ነው። የወደቀውን ብቻ እያየን «በዚህ ወደቀ» ስንል፣ በዚያው ማዕበል ውስጥ የቆመውን ማየት እንረሳለን።

ሺገታካ ኮሞሪ የፉጂፊልም ፕሬዚዳንት የሆኑት በ2000 ነው፤ የዓለም የፊልም ሽያጭ ጣሪያውን ነክቶ መውረድ የጀመረውም በዚያው ሰሞን ነበር። ድርጅታቸው ፊልም ሲሠራ ያካበተውን ዕውቀት አንድ በአንድ አስቆጠሩ። ለፊልም መደብ የሚውለውን ስስ ፕላስቲክ የመሥራት ችሎታ ለኮምፒውተርና ለቴሌቪዥን ስክሪን መከላከያ ንጣፍ አዋሉት፤ ይህ ትልቅ ገበያ ሆነላቸው። ፊልም ውስጥ ያለው ጄላቲን የሚገኘው ከኮላጅን ነው፤ የፎቶን ቀለም ከመደብዘዝ የሚጠብቀውም ኬሚስትሪ ቆዳን ከመጎዳት ከሚጠብቀው ጋር ይዛመዳል። ከዚህ ተነሥተው በ2007 የቆዳ መንከባከቢያ ምርት ለገበያ አቀረቡ። ይህ ሁሉ ግን ያለ ሥቃይ አልሆነም፤ ብዙ ፋብሪካ ዘግተዋል፣ በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛም አሰናብተዋል።

ኮዳክም ኬሚካልና መድኃኒት የሚሠሩ ዘርፎች ነበሩት፤ በ1994 የኬሚካሉን ዘርፍ ራሱን የቻለ ኩባንያ አድርጎ ለየው፣ የመድኃኒቱን ደግሞ ሸጠ። በዚያን ጊዜ «ወደ ዋናው ሥራችን እንመለስ» የሚለው ምክር ብልህ ይመስል ነበር። ፊልሙ ገና እየሸጠ ነበርና።


ጥገና ክፍል

በፋብሪካ የብልሽት ምርመራ እሠራለሁ። አንድ ማሽን ሲሰበር «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ የምንመልስበት ሥርዓት ስላለን ከዚያ አንጻር ልጨምር።

ፎቶ ቤት «የቆመውን ማየት እንረሳለን» ያሉት ቃል የአሜሪካዋን የጠፈር መንኮራኩር የቻሌንጀርን አደጋ አስታወሰኝ። መንኮራኩሯ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 በተነሣች በ73 ሰከንድ ውስጥ ተበጣጠሰች፤ ሰባቱም ተሳፋሪዎች ሞቱ። የብልሽቱ መንስኤ የታወቀ ነው። በቀኙ ሮኬት መጋጠሚያ ላይ ያለው የጎማ ቀለበት በብርዱ ምክንያት ድርቅ ብሎ ጋዙን መድፈን አቃተው። በመነሻዋ ሰዓት የአየሩ ሙቀት 2 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነበር።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያስጨንቀኝ ግን ከዚያ በፊት የነበረው ሌሊት ነው። ሮኬቱን የሠራው የሞርተን ታዮኮል መሐንዲሶች በስልክ ስብሰባ ከ12 ዲግሪ በታች እንዳትነሣ መክረው ነበር። ማስረጃ አምጡ ሲባሉ ቀለበቶቹ የተጎዱባቸውን ያለፉ በረራዎች አሳዩ። ከተጎዱት መካከል በቀዝቃዛ ቀንም በሞቃት ቀንም የተደረጉ ስለ ነበሩ ሙቀቱ ከጉዳቱ ጋር የተያያዘ አልመስል አለ፤ አለቆቹም ምክሩን ሻሩት። በዚያ ሌሊት ማንም ያላቀረበው ያልተጎዱትን በረራዎች ነበር። የምርመራ ኮሚሽኑ በኋላ ሁሉንም በአንድ ላይ ሲያስቀምጣቸው የታየው ይህ ነው፤ በ19 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከተደረጉት 20 በረራዎች ጉዳት የታየው በሦስቱ ብቻ ሲሆን፣ በ17 ዲግሪና ከዚያ በታች ከተደረጉት አራቱ ግን በአራቱም ታይቷል።

ይህን ሠንጠረዥ ለአዲስ ባለሙያዎች ሳስተምር መጀመሪያ የተጎዱትን ብቻ አሳያቸዋለሁ፤ ሁሉም «ግንኙነት የለም» ይላሉ። ከዚያ የቀሩትን ነጥቦች በላዩ ላይ እጨምራለሁ። ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ድልድይ፣ ስለ 1908 እና ስለ 1911 ያነሡት ሐሳብ ከዚህ ጋር አንድ ነው። ያልተነሡት ጦርነቶች ያልተጎዱት ቀለበቶች ናቸው። ያለ እነርሱ ስለ 1914 መናገር በዚያ ሌሊት ከቀረበው ግማሽ ሠንጠረዥ አይሻልም።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በእኛ ሥራ «ጎማው ደረቀ» ብሎ ሪፖርት መዝጋት ክልክል ነው። ጎማው የደረቀው በብርድ ነው፤ በብርድ የተነሣችው ምክሩ ስለ ተሻረ ነው፤ ምክሩ የተሻረው ደግሞ በቀደሙት በረራዎች ጉዳት እየታየ ምንም ሳይደርስ በመቅረቱ ጉዳቱ እንደ ልማድ ስለ ተቆጠረ ነው። ሰንሰለቱን የምናቆመው ልናርመው የምንችለው ነገር ላይ ስንደርስ ነው። ታሪክ ጸሐፊ ሌላ ቦታ ሊያቆመው ይችላል።


የሥነ ልቦና ተማሪ

ጠያቂዋ ስለ ራሳቸው ውሳኔ ላነሡት ጉዳይ የሚረዳ ነገር ልናገር፤ እስካሁን የተነጋገርነው በአብዛኛው ስለ መንግሥታትና ስለ ድርጅቶች ነውና።

ኒስቤትና ዊልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ጥናት በአንድ መደብር ውስጥ አራት ጥንድ የናይለን ስቶኪንጎች ጠረጴዛ ላይ ደርድረው አላፊ አግዳሚውን «በጥራት የሚበልጠው የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ። ሰዎቹ እየዳሰሱና እየሳቡ መረጡ። 40 በመቶ የሚሆኑት በስተቀኝ ዳር የነበረውን፣ 12 በመቶ ብቻ በስተግራ ዳር የነበረውን መረጡ። ለምን እንደ መረጡት ሲጠየቁም ስለ ሽመናው፣ ስለ ልስላሴው፣ ስለ ጥንካሬው አስረዱ። አራቱም ግን አንድ ዓይነት ነበሩ። የተቀመጠበት ቦታ በምርጫቸው ላይ ተጽዕኖ አድርጎ እንደ ሆነ ሲጠየቁ ሁሉም ለማለት ይቻላል አስተባበሉ። እነዚህ ሰዎች አልዋሹም። ምክንያት ተጠየቁ፣ ምክንያት ሰጡ፤ መንስኤው ግን ከእነርሱ የተሰወረ ነበር።

ሌላው ችግር ፍጻሜውን ካወቅን በኋላ የሚመጣው ነው። ባሩክ ፊሽሆፍ በ1975 በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዞችና በኔፓል ጉርካዎች መካከል ስለ ተደረገ ውጊያ አንድ ጽሑፍ ለተለያዩ ቡድኖች አስነበበ። ጽሑፉ አንድ ሆኖ፣ ለአንዱ ቡድን እንግሊዞች እንዳሸነፉ፣ ለሌላው ጉርካዎች እንዳሸነፉ፣ ለሌላው ሳይሸናነፉ እንደ ቀሩ ነገረው። ከዚያም ፍጻሜውን ባያውቁ ኖሮ ምን ይጠብቁ እንደ ነበር ሲጠይቃቸው እያንዳንዱ ቡድን የተነገረውን ፍጻሜ ከፍ አድርጎ ገመተ፤ ማስረጃውንም ከዚያው ከአንዱ ጽሑፍ መዘዘ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይህ ነው፤ ልዩነቱ ሰዎቹ ጅቡን ቀድመው ያዩት ከልባቸው የሚመስላቸው መሆኑ ነው።

ስለዚህ ውሳኔን ለመመርመር ከትዝታ ይልቅ ፍጻሜው ሳይታወቅ የተጻፈ ነገር ይታመናል። የፎቶ ቤት ደብተር ዋጋው እዚህ ላይ ነው።


የማኅደር ሰው

ድልድይና ጥገና ክፍል ያነሡትን ደጋግሜ አነበብሁት። «ሰበብ አንዱ ቢቀር ሌላው ይተካል» ያልሁትን አነሣለሁ። ያን ያልሁት ጦርነቱ እንደ ተነሣ ከማውቅበት ቦታ ቆሜ ስለ ሆነ እንጂ የ1913 ማስረጃ ስለሚያስገድደኝ አልነበረም። የፍራንዝ ፈርዲናንድን የተቃውሞ አቋም አውቀው ነበር፤ ከዚህ ክርክር ጋር አያይዤ ግን አላየሁትም። ይህ ለሙያዬ ከባድ ነው።

ሆኖም አንድ ነገር አልለቅም። «ጦርነቱ ለምን በዚያ በጋ ተነሣ?» እና «ከተነሣ በኋላ ለምን አህጉሩን ሁሉ ዋጠ?» ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ለፊተኛው የድልድይ መልስ ከእኔ ይበልጣል። ለኋለኛው ግን ፕሪንሲፕም ሾፌሩም መልስ አይሆኑም፤ የባቡር ሠንጠረዦቹና ቃል ኪዳኖቹ ናቸው መልሱ። ብዙ ጊዜ የምንጣላው ሁለት ጥያቄ ይዘን አንድ የያዝን ስለሚመስለን ነው። ጠያቂያችንም ልጅዎ «ለምን ለቀቅሽው?» ስትልዎ «ለምን ከዚያ ቢሮ?» ማለቷ ነው ወይስ «ለምን በዚያን ሰሞን?» ብለው ቢለዩት ምናልባት መልሱ ይቀልልዎ ይሆናል።


ሥረ ነገር (ክሩን የከፈተች)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ተማሪው ፍጻሜው ሳይታወቅ የተጻፈ ነገር ይታመናል ካለ በኋላ የዚያን ዘመን የማስታወሻ ደብተሮቼን ፈለግሁ፤ በሦስተኛው ካርቶን ውስጥ አገኘኋቸው።

ከአለቃዬ ጋር የተጋጨሁበት ቀን ተጽፏል። ነገር ግን ከዚያ 11 ቀን ቀደም ብሎ ባለው ገጽ ላይ የመልቀቂያ ደብዳቤዬ ረቂቅ አለ፤ ሁለት መስመር ተሰርዞ እንደገና ተጽፏል። እንግዲህ ግጭቱ ሰበብ ነበር፤ ለባልደረቦቼ ስነግራቸው ግን በሙሉ ልቤ አምኜው ነበር። ስለ ልጄ የጻፍሁትም አለ፤ ነገር ግን እርሱ ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ በየገጹ የሚደጋገም ስለ ሆነ፣ ጥገና ክፍል እንዳስተማሩን፣ እየደከመኝም ያልለቀቅሁባቸው ወራት ብዙ ናቸው። ስለ ሙያ ዕድገት አንዲት መስመር አላገኘሁም።

ያልጠበቅሁት ሌላ ነገር አገኘሁ። ከረቂቁ ሰባት ሳምንት በፊት አጠገቤ ትቀመጥ የነበረች ባልደረባዬ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውራለች። ለዝውውሯ ግማሽ መስመር ብቻ ሰጥቼው አልፌያለሁ። ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች ግን ይለያሉ፤ ምሳ ብቻዬን ስለ መብላቴ፣ ከሰዓት በኋላ ሰዓት ስለ መቁጠሬ፣ ወንበሯ ላይ የተከመረው ፋይል ስለ ማስጠላቱ ተጽፏል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ለማንም «ጓደኛዬ ስለ ሄደች ለቀቅሁ» ብዬ አላውቅም፤ ለራሴም። መንስኤው እርሱ ነው ብዬ አልምልም፤ ግማሽ ሠንጠረዥ ይዤ ይሆናል። በዚያን ሰሞን ከተለወጡት ነገሮች ግን በደብተሩ ውስጥ ያገኘሁት እርሱን ብቻ ነው።

ገጾቹን ለልጄ አሳየኋት። አንብባ ስትጨርስ «ሴትየዋ አሁን የት ናት?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። ዛሬ ስልክ ቁጥሯን ማፈላለግ ጀምሬያለሁ።